ሁለተኛው ጉድጓድ

በ1858 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ የአፄ ቴዎድሮስ ጦር ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። ሰፈሩ ወደ ቆራጣ ዞረ፤ በሽታውም አብሮ ዞረ። በንጉሡ እጅ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ነበር። እሱም ንጉሡ የሐይቁን ዳርቻ ለቀው ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጡ መከረ፤ ጦሩም ፊቱን ወደ ደብረ ታቦር አዞረ። መንገድ ላይ ስንት ሰው እንደወደቀ የቆጠረ የለም።

ጥሎ መሄድ የአገሩ ነባር የጽዳት ዘዴ ነበር። ነገሥታቱ ከነጦራቸው ከሰፈር ሰፈር ይዘዋወራሉ። እንጨቱ ሲያልቅ፣ ሣሩ ሲነጭ፣ ምድሩ ሲከረፋ ድንኳን ተነቅሎ ይኬዳል፤ የቀረውን ጅብና ጥንብ አንሳ፣ ፀሐይና ዝናብ ይጨርሱታል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ለዘማች ከሰፈር ውጭ ስፍራ እንዲለይለት፣ መቆፈሪያም ይዞ ወጥቶ ዓይነ ምድሩን እንዲሸፍን ታዟል። ይህን የሚያነብ ካህን በየደብሩ አልጠፋም ነበር። ነገር ግን ሰው ጥቂት፣ መሬት ሰፊ በሆነበት አገር መቆፈር ለገበሬው ትርፍ ድካም ነው። ቤቱ ከጎረቤቱ የራቀ ነው፤ ጓሮው ገደል፣ ከገደሉ በታች ጫካ። ሜዳ ላይ መጸዳዳት ምንም ወጪ የለውም።

ሰሜን ተራሮች ግርጌ ግን ይህ ሒሳብ ከድሮም ጉድለት ነበረበት። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የካቲት ላይ በሊማሊሞ አቀበት ወጥቶ ወደ ጎንደር ሲያልፍ ያየው መልክዐ ምድር ዛሬም ያው ነው። ከላይ ሜዳ፣ ከሜዳው ጫፍ ድንገት የሚወርድ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ሌላ መንደር። ደባርቅ ላይ የዘነበው ውሃ ወደ ቆላው ይወርዳል። ክረምት ሲገባ የላይኛው መንደር ደጅ የወደቀው ሁሉ ታጥቦ ለታችኛው መንደር ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ ወጪ የለውም የተባለው ዘዴ ወጪ ነበረው፤ የሚከፍለው ግን ታች ያለው ሰው ነበር። የመጸዳጃን ጥቅምና ኪሳራ ለሚመዝን ሁሉ ትልቁ አስቸጋሪ ነገር ይኸው ይመስለኛል። የሚያወጣው አንዱ ነው፣ የሚጠቀመው ወይም የሚጎዳው ሌላው።

አፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ላይ ዘውድ ከመድፋታቸው አሥራ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1842፣ እንግሊዛዊው ኤድዊን ቻድዊክ ስለ ሠራተኛው ሕዝብ ጤና አንድ ዘገባ አቅርቦ ነበር። ክርክሩ የርኅራኄ ሳይሆን የገንዘብ ነበር፤ ቆሻሻ የሚገድለው አባወራ ባልቴትና የሙት ልጅ ትቶ ይሄዳል፣ እነሱን ከመጦር የቆሻሻ ቦይ መሥራት ይረክሳል አለ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የተጻፈው የመጸዳጃ ወጪና ጥቅም ጥናት ሁሉ የዚያ ዘገባ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ለንደን ቦዮቿን የሠራችው ግን በክርክሩ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1858 የቴምዝ ወንዝ ግማት እስከ ፓርላማው አዳራሽ ሲገባ ነው።

በኛ አገር ጽዳትን ወደ ባህል ያስገባው ሌላ መከራ ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ ሰው በየቤቱ አለቀ፤ ወረርሽኙም የኅዳር በሽታ ተባለ። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየከተማው ጥራጊው ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ ጭሱ ሰማዩን ይሸፍናል፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። በሽታውን ያመጣው ጥራጊው አልነበረም። ሆኖም አንድ ሕዝብ ለሞቱበት መታሰቢያ አድርጎ በዓመት አንድ ቀን ደጁን ለመጥረግ መወሰኑ እጅግ ይገርመኛል። በዓመት አንድ ቀን መሆኑ ደግሞ ያሳዝነኛል።

ጣልያን በወረራው ዘመን ሊማሊሞን ፈልፍሎ ጎንደርን ከአሥመራ የሚያገናኘውን መንገድ አወጣ። ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ዳባትና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደባርቅ የመኪና መቆሚያ ሆኑ። መኪና በቆመበት ሻይ ቤት ይከፈታል፣ መኝታ ቤት ይከተላል፣ ገበያው ይደራል። ቤት ከቤት ሲጠጋ ጓሮ የሚባለው ነገር ይጠባል። ጥሎ መሄድ የማይቻልበት ዘመን በእነዚህ ከተሞች የገባው ያን ጊዜ ነው።

መንግሥት ወደ ጉዳዩ የገባው በወባ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ሺዎችን ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ ያቆመው ነው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። ኮሌጁ ሐኪም ብቻ ማስመረቅ አልፈለገም። ሦስት ሙያተኛ አንድ ቡድን ሆኖ እንዲወጣ አደረገ፦ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ ሳኒታሪያን። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ የሥጋ ቤትና የጠላ ቤት ንጽሕና ይቆጣጠራል። በጊዜው በአፍሪካ ደፋር የሆነ ሐሳብ ነበር፤ በሽታን ሆስፒታል ተቀምጦ ከመጠበቅ ወደ ምንጩ ሄዶ መዝጋት። የጎደለው ብዛት ነው። ጥቂት ሳኒታሪያን ለአንድ ጠቅላይ ግዛት ምን ያደርጋል? ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ በሲሚንቶ የተሠራ ማሳያ መጸዳጃ ይቆማል፤ ገበሬው አይቶ ያደንቃል፣ ሲሚንቶው ግን ከየት ይመጣል ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ደርግ መጣ፣ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፣ መመሪያው በዛ፤ በሰሜን ጎንደር ደጋ ግን የእርስ በርስ ጦርነቱ ከሁሉ በላይ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ የሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንኳ ጠባቂ አጥቶ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከኢትዮጵያ ሕዝብ መካከል ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው 92 በመቶ እንደነበር የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ የጋራ ክትትል ይገምታል። ሲሚንቶ ያለው ማሳያ መጸዳጃ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ያደረሰው እዚህ ድረስ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዳባት ላይ አንድ ነገር ተጀመረ፤ ያን ጊዜ ከመጸዳጃ ጋር የሚያገናኘው ያለ አይመስልም ነበር። የጎንደሩ ኮሌጅ በወረዳው ከተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባውንና የወጣውን የሚመዘግብ የሥነ ሕዝብና የጤና መከታተያ ጣቢያ አቆመ። ዳባት የተመረጠችው ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአንድ ወረዳ ስላላት ነው። መዝጋቢው ሰው ሞቷል ሲባል ወደ ቤቱ ሄዶ ቤተሰቡን ያነጋግራል፤ ከመሞቱ በፊት ምን አመመው፣ ስንት ቀን ተቀመጠ፣ ተቅማጥ ነበረው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከምላሹ ተነስተው ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። በዘጌው ሰፈር ያልተደረገው ይህ ነው። ማን እንደሞተ ሳያውቁ ማን እንደተረፈ ማወቅ አይቻልምና፣ ለእኔ በሰሜን ጎንደር የመጸዳጃ ታሪክ ውስጥ ከማንኛውም ጉድጓድ የበለጠ ዋጋ ያለው ያ መዝገብ ነው።

በሺዎች የሚቆጠረው የመጸዳጃ ጉድጓድ የመጣው ከዓይን በሽታ በኩል ነው። አማራ ክልል በትራኮማ ከዓለም እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው የክልሉ ልጆች መካከል 62.6 በመቶው ላይ የበሽታው ምልክት ታይቷል። በሽታው ሲደጋገም የዓይን ቆብ ይጠባሰሳል፣ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፣ ዓይንን ሲፍቅ ሲፍቅ ያጠፋል። ከሕፃን ወደ ሕፃን በሽታውን የሚያመላልሰው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ነው፤ ጨለማ በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ግን አይራባም። እንግዲህ ሰገራው ጉድጓድ ከገባ ዝንቡ መራቢያ ያጣል። የካርተር ማዕከል ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆኖ በዚህ ምክንያት መጸዳጃ ማስቆፈር ጀመረ። ምሥራቅ ጎጃም ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ከቀዳሚዎቹ ነበረች። ሲሚንቶ አልታደለም፣ ገንዘብም አልተሰጠም። አጠና፣ ጭቃ፣ ሣርና ጉልበት ብቻ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ለዓመቱ የታቀደው መጸዳጃ 10,000 ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የተቆፈረው ከ80,000 በላይ ሆነ።

ይህ እንዴት ሆነ? ትራኮማን ፈርቶ አይደለም። ከሴቶቹ የመጣ ነው። በየገጠራችን ወንድ ባሻው ሰዓት ከአጥር ጀርባ ይቆማል፤ ሴት ግን በቀን ለዚህ ወጥታ መታየት ነውር ነው። ሳይነጋ ትወጣለች፣ ካልሆነ እስኪመሽ ትጠብቃለች። ሆዷ ቢነሳባትም፣ ነፍሰ ጡር ብትሆንም፣ አራስ ብትሆንም ትጠብቃለች። እንዳያስቸግራት ብላ ውሃ ሳትጠጣ፣ እህል ሳትቀምስ ትውላለች። ጨለማው ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ ጅብ አለ፣ ገደል አለ፣ ክፉ ሰው አለ። ጓሮዋ ላይ አራት አጠና ተተክሎ በሣር ሲከለል ይህች ሴት ያገኘችው ቀኑን ነው። ባሏን ቆፍር ብላ ወጥራ የያዘችው እሷ ነበረች። ስለ ዝንብ የተሰበከው ትምህርት አጋጣሚ ሆነላት።

የወጪና ጥቅም ሠንጠረዥ ላይ ይህች ሴት የምትገባበት አምድ የለም ማለት ይቻላል። ዶላርና ሞት ይሰላል፤ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ ግን አይሰላም።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ነገሩ ዘመቻ መሆኑ ቀርቶ የዘወትር ሥራ ሆነ። ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ተመደቡ። ከያዟቸው 16 የጤና ፓኬጆች ሰባቱ የንጽሕናና የአካባቢ ጤና ነበሩ፤ አንደኛው የዓይነ ምድር አወጋገድ። ቤተሰቦች 96 ሰዓት ተምረው ሞዴል ተብለው ይመረቁ ነበር። ደባርቅና ዳባት ገጠር ላይ አንዲት የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከጎጥ ጎጥ የምታቋርጠው ሸለቆ በካርታ ላይ ከሚታየው በላይ ነው፤ ቀጥታ ርቀቱ ትንሽ የሆነ መንደር ወርዶ መውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ያች ልጅ ደመወዟ ትንሽ ነበር፣ ጫማዋ ቶሎ ያልቅ ነበር። የአገሪቱ መጸዳጃ በአብዛኛው የቆመው በእሷ እግር ነው።

በ1998 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ከጋምቤላ ተነስቶ ብዙ ክልል ሲያዳርስ ሥራው በረታ፤ ሰውም አተት ብሎ አሳጠረው። በዚያው ሰሞን ካማል ካር የተባለ ባለሙያ ባንግላዴሽ ላይ የጀመረው ማኅበረሰብ መር አሠራር ወደ ኢትዮጵያ ገባ። መንደርተኛው ተሰብስቦ መሬት ላይ የመንደሩን ካርታ ይስላል፣ እያንዳንዱ የሚወጣበትን ቦታ በአመድ ያመለክታል፤ አመዱ ከቤቱና ከምንጩ ጋር እየተቀራረበ ሲሄድ ሰው ይተፋፈራል። ከዚያ በስንት ቀን እንቆፍር ብሎ ይማማላል። ጎጡ ሙሉ በሙሉ ሲቆፍር ከሜዳ መጸዳዳት ነጻ ተብሎ ባንዲራ ይሰቀልለታል። ይህ መንገድ ሰውን በኀፍረት የሚያስገድድ ነው ብለው የሚቃወሙት አሉ፤ ስጋታቸውን እጋራለሁ። ድሃውን በጎረቤቱ ፊት ማሳፈር ቀላል፣ ቆፍሮ ማገዝ ግን ከባድ ነውና።

የዚህ አሠራር ወጪ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ጋናንና ኢትዮጵያን ሲያነጻጽር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ፕሮግራሙ ለአንድ ቤተሰብ ያወጣው ከ14 እስከ 19 ዶላር ገደማ ነው፤ በጋና ከ30 እስከ 80 ይደርሳል። ቤተሰቡ ራሱ ለመጸዳጃው ያዋለው በኢትዮጵያ ከ2 ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ እስከ 3 ዶላር ተኩል ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ርካሽ የጤና ሥራ ማግኘት ይከብዳል። ሪፖርቱን ያነበበ ባለሥልጣን መደሰቱ አይፈረድበትም።

እስቲ ግን ደባርቅ ላይ አንድ ጉድጓድ እንቆፍርና እንይ። አንድ ሜትር ስፋት፣ ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው ክብ ጉድጓድ ከሁለት ሜትር ኩብ በላይ አፈር ይወጣዋል። አንድ ሰው በዓመት ከ40 እስከ 60 ሊትር እንደሚሞላ ይገመታል። ለስድስት ሰው ቤተሰብ ከ240 እስከ 360 ሊትር ነው። ከአፉ ግማሽ ሜትር ሲቀረው ይዘጋል ብንል ጉድጓዱ ከአምስት ተኩል እስከ ስምንት ዓመት ያገለግላል። የሰሜን ተራሮች መሬት ግን ጥቁር ድንጋይ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ዶማ አንድ ሜትር ተኩል ሲወርድ ዐለት ያገኛል፤ እዚያ ላይ ከቆመ ዕድሜው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። አጠናው በእርጥበት ይበሰብሳል፣ ወለሉ ይለሰልሳል፣ እናት ሕፃኗን ወደዚያ መላክ ትፈራለች። የክዳኑ ሣር በደጋው ነፋስ ይነሳል። በር ላይ የተንጠለጠለው፣ ክዳኑ በምስማር የተበሳው የእጅ መታጠቢያ የሃይላንድ ጠርሙስ በሁለተኛው ወር ውሃ የሚሞላበት ይጠፋል፤ ከሥሩ በተቀመጠው የአመድ ቆርቆሮ ውስጥ ዶሮ ትጭራለች።

እንግዲህ ሁለተኛው ጉድጓድ መቼ ተቆፈረ? የመጀመሪያው ሲቆፈር ካድሬው፣ ኤክስቴንሽኗ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ነበር፤ ባንዲራም ተሰቅሏል። ሁለተኛው ጊዜ ማንም አልነበረም። ጉልበት ያለው አባወራ አዝመራው ከገባ በኋላ ጥር ላይ ከልጆቹ ጋር ይቆፍረዋል። እማወራዋ፣ ሽማግሌው፣ ልጁ ወደ ከተማ የሄደበት ግን ወይ በወንፈል ይለምናል፣ ወይ ሙያተኛ ይቀጥራል፣ ወይ ተመልሶ ሜዳ ይወጣል። በሦስት ዶላር የተጻፈው ወጪ የዚህን ቤተሰብ ሁለተኛ ዙር አያውቀውም። እያንዳንዱ ወረዳ በየዓመቱ የቆፈረውን ሲደምር ቢውል፣ የፈረሰውን ካልቀነሰ ድምሩ ከሕዝቡ ቁጥር ሊበልጥ ይችላል።

አገር አቀፉ ቁጥር ሁለቱንም ገጽ ያሳያል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ምንም መጸዳጃ የሌለው ቤተሰብ በ1992 ዓ.ም. 82 በመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 32 በመቶ ሆነ። ከአንድ ትውልድ ባነሰ ጊዜ ቁጥሩ እንዲህ የወረደለት አገር ጥቂት ነው፤ ይህን የማይኮራበት ኢትዮጵያዊ ሊኖር አይገባም። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ግን ደረጃውን የጠበቀ መጸዳጃ ያለው ቤተሰብ 6 በመቶ፣ በገጠር 4 በመቶ ብቻ ነበር። በመካከል ያለው ሰው ሜዳውን ትቷል፤ ወለሉ የማይታጠብ፣ ዝንብ የሚገባበት፣ ለመሙላት የተቃረበ ጉድጓድ ላይ ደርሷል።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ ላይ ዓለም የያዘው ቁጥር ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት ለመጸዳጃ የወጣ አንድ ዶላር አምስት ዶላር ተኩል ይመልሳል ይላል። ከዚያ ምላሽ ትልቁ ድርሻ ግን የጤና አይደለም፣ የጊዜ ነው፤ ቅርብ መጸዳጃ ያገኘ ሰው በቀን ግማሽ ሰዓት ያተርፋል ተብሎ ተገምቶ በገንዘብ ተተምኗል። ይህን ስሌት የዳባት ገበሬ ላይ ማድረግ ይከብደኛል። እሱ ከብቱን ሲነዳ ጢሻው መንገዱ ላይ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አያጠፋም። ሚስቱ የምታጠፋው ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይደለም፣ አሥራ ሁለት ሰዓት የምትጠብቀው ሕመም ነው። በአንድ አማካይ ቁጥር ሁለቱም ጠፉ።

በጤናው በኩል ደግሞ የተገኘው ምርመራ አንገት ያስደፋል። ምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ላይ መድኃኒት ከታደለ በኋላ መጸዳጃ በብዛት የተሠራባቸውና ያልተሠራባቸው መንደሮች ተነጻጽረው፣ የትራኮማው መመለስ ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ዋግ ኽምራ ላይ ውሃ፣ መጸዳጃና የፊት መታጠብ ትምህርት አንድ ላይ የተሰጣቸው መንደሮች ከሦስት ዓመት በኋላ ካልተሰጣቸው አልተሻሉም፤ ይኸኛው እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ኬንያና ዚምባብዌ ላይ የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎችም በተቅማጥ ላይ ለውጥ አላገኙም፤ ባንግላዴሽ ላይ ግን ቀንሷል። በሌላ በኩል ጉራጌ ዞን ላይ በማኅበረሰብ መሩ አሠራር የተደረገ ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ስሌት፣ ለአንድ ብር ወጪ 3.7 ብር ጥቅም ሰጥቷል።

እነዚህን ውጤቶች ይዘው መጸዳጃ ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ። እኔ የማነብባቸው በሌላ መንገድ ነው። ሰገራ ወደ አፍና ወደ ዓይን የሚሄድባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ እጅ፣ ውሃ፣ ዝንብ፣ ግቢ ውስጥ የሚውል ከብትና ዶሮ። አንዱን ግማሽ በግማሽ መዝጋት ሌሎቹን አይዘጋም። ጥናቶቹ የነገሩን የአጠናና የጭቃ መጸዳጃ፣ ግማሽ መንደር ሲጠቀምበት፣ የልጅን ሆድና ዓይን ብቻውን እንደማያድን ነው። ደጅ ላይ የተገኘው ክብር ግን በትራኮማ ምርመራ አይለካም፤ ሴቶቹም ያንን አልጠየቁም ነበር።

በሰኔ 2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የነበረችው ግጭ መንደር ተነሳች፤ ከ400 በላይ ቤተሰብ ወደ ደባርቅ ዳርቻ ተዛውሮ መሬትና ካሳ ተሰጠው። በተራራው አናት ላይ ጎረቤቱ የሩቅ የነበረ ገብስ ዘሪ በአንድ ጊዜ አጥር ለአጥር ሆነ። በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። የመዛወሩ ጥቅም ለዋሊያውና ለጭላዳው ተመዘነ፤ ለግጭ ሰዎች መጸዳጃ የምርጫ ነገር መሆኑ ግን ያን ቀን አብቅቷል። ጓሮው ጠባብ ነው፣ ሲሞላ ወደ ጎን ዞሮ የሚቆፈርበት ቦታ የለም። እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ሁለተኛው ጉድጓድ ሳይሆን የሚመጠጥ ጉድጓድና የሚመጥ መኪና ነው የሚያስፈልገው፤ አዲስ አበባ ለቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያዋ የምታወጣውን ያህል ባይሆንም፣ የከተማ አስተዳደር በጀት ውስጥ በስም የተጻፈ ገንዘብ ይፈልጋል።

የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ የነበረው ሁሉ ተናወጠ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ውጊያው ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። ከአዲ አርቃይና ከጠለምት የሸሸው ሕዝብ ደባርቅና ዳባት ትምህርት ቤቶች ውስጥ አደረ። ለጥቂት መቶ ተማሪዎች የተሠራ መጸዳጃ ሌት ተቀን ለሺዎች ሲያገለግል ምን እንደሚሆን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ቀጥሎም ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሐሩሽ የወጡ ኤርትራውያን ስደተኞች ዳባት ወረዳ አለምዋጭ ላይ ሰፈሩ፤ ቁጥራቸው ከ20,000 አለፈ። በአደጋ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ለ50 ሰው አንድ፣ ከዚያ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ይላል ዓለም አቀፉ መለኪያ። በ20 ቢካፈል ለ20,000 ሰው 1,000 ነው። በፕላስቲክ ሸራና በቆርቆሮ የሚቆም፣ በዓመት የሚፈርስ፣ እንደገና የሚቆም። ገንዘቡ ከሩቅ ይመጣል፤ ሲቋረጥ ጉድጓዱ ለዳባት ገበሬ ማሳ ጎረቤት ሆኖ ይቀራል።

ኮሌራም አልራቀም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሌ ላይ የጀመረው ወረርሽኝ በቀጣዩ ክረምት ቋራ ወረዳ በርሚል ጊዮርጊስ ጸበል ደረሰ። ለፈውስ ከየአገሩ የተሰበሰበው ምእመን ያለ መጸዳጃ፣ ያለ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሥፍራ ተኝቶ ነበር። ከዘጌው ሰፈር 157 ዓመት በኋላ፣ ከጣና በስተ ምዕራብ፣ ያው በሽታ፤ ሰውም ሲታመም ወደ አገሩ ይሄድ ነበር፣ ይዞት።

ዛሬ ገበያው ላይ ሲረገጥ የሚከፈትና መልሶ የሚዘጋ የፕላስቲክ መቀመጫ አለ፤ ሳቶ ይሉታል። ዝንብን ይከለክላል፣ በትንሽ ውሃ ይታጠባል። ጉድጓዱ ሲሞላም ተነቅሎ ወደ ሌላው ይሄዳል። ዋጋውን የደባርቅ ከተማ ነጋዴ ይችለዋል፤ የገብስ ገበሬዋ እማወራ አትችለውም። መንግሥትና ለጋሾች ለሃያ ዓመት ለገጠር መጸዳጃ ድጎማ አይሰጥም ሲሉ ኖረዋል፤ መጀመሪያ ላይ ትክክል ነበሩ፣ ሲሚንቶ ባለመታደሉ ነው ሰው የራሱን የቆፈረው። አሁን ግን ያ ደንብ ጊዜው አልፎበታል ብዬ አምናለሁ። የቆፈረን ሰው ወደ ተሻለ ደረጃ ማሳደግ ከሜዳ ማስመለስ የተለየ ሥራ ነው፤ የድሃዋን ወለል በገንዘብ መግዛት ለጎረቤቷም መግዛት ነው።

ይህን ለመወሰን የሚያስፈልገው ቁጥር ዳባት ላይ ሊገኝ ይችላል። መዝጋቢዎቹ የሚሄዱባቸው ቤቶች ያው ናቸው፣ ሰዎቹ ይታወቃሉ፣ የሞቱት ተመዝግበዋል። መጸዳጃ አላችሁ ወይ የሚለው ብቻውን ምንም አይነግርም። ጉድጓዱ በስንት ዓ.ም. ተቆፈረ፣ ስንት ሜትር ላይ ዐለት ተገኘ፣ ሞልቶ ያውቃል ወይ፣ ሁለተኛውን ማን ቆፈረው፣ በማን ጉልበትና በስንት ብር፤ ትናንት በቀን የተጠቀመችበት ሴት አለች ወይ። እነዚህን ለመጠየቅ አዲስ ድርጅት፣ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በቅጹ ላይ አንድ ገጽ መጨመር ነው፤ ያንንም ገጽ የክልሉ ጤና ቢሮና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተነጋግረው ከመጪው ክረምት በፊት ሊያወጡት ይችላሉ።